በአንድ መቀነት ወደ ጨፌው

ልጄ ህሊና የሚጥል በሽታ አለባት። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ እጽፋለሁ። ስንደብቀው ሰው ይቆጣናል፣ ስንናገረው ይሸሸናል፤ ከሁለቱ መሸሹ ይሻለኛል። የሚሸሽ ሰው ቢያንስ መንገድ ይለቃል።

ዕድሜዋ አስራ አንድ ነው። በጥቅምት መጨረሻ የክፍሏ ልጆች በሙሉ ጨፌውን ሊጎበኙ ሄዱ። ጨፌው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ያለ፣ የክረምት ውሃ እስከ በጋ የሚተኛበት ሰፊ ረግረግ ነው። ሰው ጭቃ ሳይነካው ወፎቹን በቅርብ እንዲያይ ከጣውላ የተሠራ ረጅም መረማመጃ ተዘርግቶበታል፤ መረማመጃው ሲያልቅ ደግሞ ተቀምጠው የሚመለከቱበት የሳር ጎጆ አለ። ህሊና አልሄደችም። መምህሯ ካሳሁን ክፉ ሰው አይደለም። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቆኝ፣ ዓይን ዓይኔን ሳያይ ነበር የነገረኝ።

«ወይዘሮ አማረች፣ ቦታው ውሃ ነው። አንድ ነገር ብትሆን እኔ ምን እመልሳለሁ?»

እሺ አልኩት። እሺ ያልኩት ፈርቼ ነው። ከሱ በፊት የምከለክላት እኔ ነበርኩ። ምድጃ አጠገብ እንዳትደርስ፣ ገመድ እንዳትዘል፣ በረንዳው ጠርዝ ላይ እንዳትቀመጥ፣ ድልድይ ብቻዋን እንዳትሻገር። ትንፋሿን እያዳመጥኩ የማነጋው ሌሊት ብዙ ነው። ፍርሃት ሥራ ቢሆን ኖሮ ደመወዜ ከፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ይበልጥ ነበር።

ልጆቹ ከጨፌው ሲመለሱ አንድ ነገር ይዘውላት መጡ። በዓለም ላይ ከአገራችን በቀር የትም የማትገኝ ዝይ አለች አሏት። ክንፏን ስታጥፍ አመድ ትመስላለች፤ ስትዘረጋው ግን ሰማያዊ ነው። ህሊና ሥዕል ትወዳለች። ያን ሳምንት በሰማያዊ እስክሪብቶ ዝይ ስትስል፣ ስትቀድ፣ እንደገና ስትስል ሰነበተች።

«ቆንጆ ነው እኮ» አልኳት አንዱን አንስቼ።

«አይደለም። ዶሮ ነው የሚመስለው። እማዬ፣ ያላየሁትን እንዴት አድርጌ ልሳል?»

እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርኩት በቅርቡ ነው፣ ያውም በሷ ምክንያት። የኪኒኗ ፖስታ ላይ ፋርማሲዎቹ የሚጽፉትን ጎረቤት እያስነበብኩ መኖር አንገሸገሸኝና ለጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። አስተማሪያችን ፍሬሕይወት አንዲት ሴት ፊደል ሲጠፋባት ተነስታ ሰሌዳው ድረስ ሄዳ እንድታየው ታደርጋለች። «ከሩቅ አትገምቱ፤ ቀርባችሁ እዩት» ትለናለች። እኔን ለአንዲት «ጨ» ሰሌዳ ድረስ ያስኬደችኝ ሴት እያለች፣ ልጄ ለአንድ ክንፍ ጨፌ ድረስ የማትሄድበት ምክንያት አልታይ አለኝ። እሁድ እንሄዳለን አልኳት።

አባቷ ሲሳይ ለእህል ንግዱ አሊዩ አምባ ወርዶ ስለነበር የሚከለክለኝ አልነበረም። ቢኖርም አልሰማውም ነበር። ያከራዩን እትዬ ወርቅነሽ ግን ነበሩ። ከግቢ ስንወጣ በሩን ይዘው ቆሙ።

«አንቺ አማረች፣ ይህችን ልጅ ውሃ ዳር ይዘሽ ልትሄጂ ነው? በጤናሽ ነው? የያዛት ነገር የሚኖረው እዚያ አይደለም ወይ!»

«እትዬ፣ የያዛት ነገር የሚኖረው እኛ ቤት ነው» አልኳቸው። «መጀመሪያ የጣላት ምድጃ አጠገብ ነበር፤ ምድጃ ከለከልኳት። ቀጥሎ ግቢው ውስጥ ጣላት፤ ግቢ ከለከልኳት። ከዚያ አልጋዋ ላይ ጣላት። አሁን አልጋ ልከልክላት?»

«ምላስሽስ! ትምህርት ይሉት ነገር ከገባሽ ወዲህ ምላስሽ ረዘመ» አሉኝ። ግን በሩን ለቀቁ፤ ለቀው ደግሞ ወደ ህሊና ጎንበስ ብለው አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ አስተካከሉላት። «ውሃውን አትይው እሺ? ወፉን ብቻ እይ።»

በባጃጅ ሄድን። ባጃጁ ካወረደን በኋላ፣ በሩ ጋ ሳንደርስ፣ ከወገቤ መቀነቴን ፈታሁ። ረጅም ነው፤ እናቴ የፈተለችው ነው። አንዱን ጫፍ በህሊና ወገብ፣ ሌላውን በእኔ ወገብ አሰርኩ። በመካከላችን ሁለት እርምጃ ያህል ተውኩ።

«እማዬ! ሰው ያያል!»

«ይይ።»

«እንደ በግ እኮ ነው ያሰርሽኝ።»

«እኔም ታስሬያለሁ። ማን ማንን እንደሚነዳ ምኑ ይታወቃል?»

በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ ጋሽ ገብረ ጻድቅ ይባላሉ፤ ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። መቀነቱን አዩ፣ ህሊናን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ምን አጥፍታ ነው?»

«ምንም አላጠፋችም ጋሼ። የሚጥል በሽታ አለባት። ኪኒኗን ውጣለች። ቀርባ ወፎቹን ማየት ትፈልጋለች።»

ከበርጩማው ተነሱ። «የኔ እህት፣ እንዲህ ከሆነማ አይሆንም። መረማመጃው አጥር የለውም። ወዲህም ወዲያም ውሃ ነው። ብትወድቅስ?»

«አብሬያት እወድቃለሁ። የታሰርነው ለዚያ ነው።»

«አብረሽ መውደቅሽ ለኔ ምን ይበጀኛል? አንድ የማወጣው ሁለት ሆነ!»

«እንግዲያው ሁለታችንንም እንዳያወጡ አጥብቄ እይዛታለሁ» አልኩና መግቢያውን ከፍዬ ቆምኩ። አልተንቀሳቀስኩም። በዚህ መሃል አንድ ሚኒባስ ሙሉ ጎብኚ መጥቶ ኖሮ ከኋላችን ተሰለፈ። ጋሽ ገብረ ጻድቅ ሰልፉን አይተው ተነፈሱ።

«ከነዚህ ሰዎች አትለዩ» አሉኝ። «ጎጆው ድረስ ደግሞ አትሂዱ። መሃል ላይ ሰሌዳው ጋ ስትደርሱ ትመለሳላችሁ። ቃል ግቢልኝ።»

«ብትወድቅ አብሬያት እንደምወድቅ ቃል እገባለሁ» አልኩና አለፍኩ።

ጣውላው ከእግራችን ስር ይለምጣል። በመጀመሪያ ያየሁት ውሃውን ብቻ ነበር። ጥቁር ነው፤ በየመካከሉ የቄጠማ ጉብታ አለ፤ ጥልቀቱ አይታወቅም። ህሊና ግን ውሃውን አላየችውም። «እማዬ፣ እንቁራሪት! እማዬ፣ ያቺን ቀይ እግሯን እያት! እማዬ፣ ዳክዬዋ ጭንቅላቷን ነከረች፣ ቂጧ ብቻ ቀረ!» መቀነቱን እየጎተተች ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ጋጋኖዎች ከአንዱ ጥግ ተነስተው እየተንጫጩ በላያችን አለፉ፤ ሊያስቁን የፈለጉ ይመስል ነበር።

መንገዱ ላይ አልፎ አልፎ ሰሌዳ ተተክሏል። በየሰሌዳው ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እሷ ከኔ በተሻለ ታነባለች፤ ግን አላቋረጠችኝም። «ረግረግ... ውሃን... እንደ ወንፊት... ያጠልላል።» ትልቅ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ከኋላችን ቆሞ ነበር።

«እናት፣ ፈተና አለ እንዴ?» አለኝ።

«አለ። ቸኩለህ ከሆነ እለፍ፤ ውሃው ሰፊ ነው።»

ከሱ ጋር ያለችው ቀይ ኮፍያ ያደረገች ሴት ከት ብላ ሳቀች። «ይበልህ ፍቃዱ!» አለችው። እሱም ሳቀ። «ቆይ፣ ልጅቷንስ ትሰረቃለች ብለሽ ነው ያሰርሻት?»

«ወርቅ ያለው ሰው እንዲሁ ለቆት አይሄድም» አልኩት። ህሊና አፍራ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች፤ ከሻርፑ ስር ግን ፈገግ ብላ ነበር።

መሃል ያለው ሰሌዳ ጋ ስንደርስ «ከዚህ በኋላ ድምፅ አታሰሙ። እናንተ ከማየታችሁ በፊት ወፎቹ ያዩአችኋል» የሚል ተጽፎበታል። አንብቤ ሳልጨርስ መቀነቱ ወገቤን ጎተተው። ዞር ስል ህሊና ቆማ ነበር፤ ዓይኗ ግን አልነበረም። ያንን ዓይን አውቀዋለሁ። ጥርሷ ተንቀጫቀጨ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ውሃው አዘመመች።

ወደቀች። እኔም ወደቅኩ። መቀነቱ ተወጠረ፤ በጉልበቴ ጣውላው ላይ ተንሸራተትኩና ሰውነቴን ወደ ኋላ ጥዬ ያዝኳት። አንድ እግሯ ብቻ ነው ውሃ የነካው። ስቤ መሃል ላይ አስተኛኋት፣ በጎኗ አዞርኳት፣ ሻርፗን ከአንገቷ ላይ ፈታሁ፣ ነጠላዬን ጠቅልዬ ከራሷ ስር አደረግኩ። ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ያስተማረችኝ ይህንን ነው። አፏ ውስጥ ምንም አይገባም። አይያዝም። ይጠበቃል።

ሰው ግን አይጠብቅም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሮጡ።

«ክብሪት! ክብሪት ያለው!»

«አፍንጫዋ ላይ አጭሱላት!»

«ማንኪያ የለም? ምላሷን ትነክሳለች!»

«አትንካት አንተ፣ ይተላለፋል!»

አንዱ ክብሪት ጭሮ እሳቱን እፍ ብሎ ጭሱን ይዞ ደረሰ። መሮጣቸው ጣውላውን ያናውጠዋል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የልጄ ራስ ከፍ ዝቅ ይላል። እኔ በሰው ፊት ጮኼ አላውቅም። በቀበሌ ስብሰባ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ጮኽኩ።

«ክብሪቱን ጣለው! ቁሙ! ማንም እንዳይራመድ!» ቆሙ። «አሁን ተቀመጡ። ሁላችሁም፣ ያላችሁበት። ጣውላው እየተናወጠባት ነው። ተቀመጡና ዝም በሉ!»

«እንዴ ሴትዮ፣ እኛ እኮ ልንረዳሽ...»

«መርዳት ማለት መቀመጥ ነው!»

ቀይ ኮፍያ ያደረገችው ሴት ቀድማ ተቀመጠች፣ በነጭ ሱሪዋ፣ እርጥቡ ጣውላ ላይ። ከዚያ ፍቃዱ ተቀመጠ። ከዚያ ሁሉም። ክብሪት የያዘው ሰውዬ የተቃጠለውን እንጨት በጣቱ እንደያዘ ተቀመጠ። ያን ሁሉ ሰው አስቀምጬ በመካከል እኔ ብቻ በጉልበቴ ነበርኩ፤ የተላጠው ጉልበቴ ደም በቀሚሴ ላይ ይታየኛል። የህሊና መንቀጥቀጥ ቀስ በቀስ ቀነሰ። ረጅም ትንፋሽ ሳበች። ከዚያ እንደ ልማዷ እንቅልፍ ወሰዳት።

ማንም አልተነሳም። ነፋሱ ቄጠማውን ሲነካው ብቻ ይሰማ ነበር። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ከአጠገባችን፣ ቄጠማው ተከፈተ።

ሁለት ነበሩ። መጀመሪያ አንዷ ወጣች፤ አመድ መሳይ ናት፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጀርባዋ ላይ አስደግፋ ነው የምትሄደው፣ ልክ ሰነፍ ተማሪ ወንበሩን እንደሚደገፍ። መረማመጃው ላይ ወጥታ፣ ከልጄ እግር እጄን ብዘረጋ በምደርስበት ርቀት ላይ ቆመች። ዓይኗ ትንሽና ጥቁር ነበር። ሁለተኛዋ ተከተለቻት። ተሻገሩና በወዲያኛው ወገን ውሃው ላይ ወረዱ። ቄጠማው ገጠመ።

ሁሉም አይቷል። ክብሪት የያዘው ሰውዬ አይቷል። እኔ እንኳን አይቻለሁ። ልጄ ተኝታ ነበር።

እንዲህ ያለ ንዴት ተናድጄ አላውቅም። በዝይዎቹ ነው የተናደድኩት። በበሽታው ነው የተናደድኩት። «እሰይ፣ ዳነች» የሚሉኝ ሰዎች ላይ ሳይቀር። እናት ሆኖ ልጅ ያልበላችውን መብላት ምን እንደሚመስል ወላድ ታውቀዋለች፤ ያን ዝይ ማየቴ እንደዚያ ነበር።

ህሊና ከብዙ በኋላ ዓይኗን ገለጠች። ስኳር በጥብጬ የያዝኩትን ውሃ አጠጣኋት፣ ደረቅ ካልሲ ቀየርኩላት። መጀመሪያ «እማዬ» አለች። ቀጥላ የጠየቀችው ሌላ አልነበረም።

«መጡ እንዴ?»

መዋሸት እችል ነበር። «መጡ» አልኳት።

«አየሻቸው?»

«አየኋቸው።»

«ክንፋቸውንስ?»

«አልዘረጉትም።»

ፍቃዱ በዳዴ ቀረበ። ድምፁ ሌላ ሆኖ ነበር። «እናትዬ፣ እኔ ፎቶ አንስቻቸዋለሁ። በጣም ቅርብ ነው። ላሳይሽ?»

ህሊና ሁለቱንም እጆቿን ዓይኖቿ ላይ አደረገች። «አላይም! በዓይኔ ነው የማየው!»

«እሺ፣ እሺ» ብሎ ካሜራውን አጠፋው።

ጋሽ ገብረ ጻድቅ ጩኸቱን ሰምተው ከበሩ ድረስ እያለከለኩ መጥተው ነበር። ከዘራቸውን ጣውላው ላይ ተክለው ቆሙ። «አላልኩሽም? አላልኩም እንዲህ ይሆናል? በይ ተነሺ፤ ባጃጅ ይጠራላችኋል። ጎብኚውም ይመለስ። ቃል ገብተሽልኝ!»

ልነግራችሁ የሚገባኝ ይህ ነው፤ መሄድ ፈልጌ ነበር። አጥንቴ ሁሉ ቤት፣ ቤት ይል ነበር። አልጋዋ ላይ አስተኝቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ዳግመኛ ላልከፍት። ጎጆው ከፊታችን ይታያል፤ በሩ ደግሞ ከኋላችን ይታያል። የህሊና እጆች ገና ዓይኖቿ ላይ ነበሩ። አሁን ብንመለስ ከዚህ በኋላ የትም እንደማትሄድ ገባኝ። እኔም አልወስዳትም፤ እሷም አትጠይቀኝም። አልጋ እንኳን የምከለክላት ያኔ ነው።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «የገባሁት ቃል አብሬያት እንደምወድቅ ነው። ይኸው ወድቄያለሁ።» ቀሚሴን ገልጬ ጉልበቴን አሳየኋቸው። «ሲስተሯ ከጣላት በኋላ አርፋ፣ ሰው ከለየች መሄድ ትችላለች ብላኛለች። አርፋለች። ሰው ለይታለች። ልጄ፣ እኚህ ማን ናቸው?»

«በር ላይ የነበሩት ሽማግሌ» አለች ህሊና ዓይኗን ሳትገልጥ። «ምን አጥፍታ ነው ያሉት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ በቀስታ። ጋሽ ገብረ ጻድቅ ግን አልሳቁም። ጉልበቴን እያዩ ቆዩ። ከዚያ ከዘራቸውን አነሱ።

«ከፊት እኔ እሄዳለሁ» አሉ። «በመሃል ሂዱ። ከኋላ ይሄ ባለ ካሜራው ይሁን። ኮቴ የሚያሰማ ሰው ካለ በዚህ ከዘራ ነው የምለው!»

እንዲህ ሆነን ሄድን። ህሊና እግሯ ደክሞ ስለነበር ቀስ እያልን። መቀነቱን አሳጠርኩትና ጎን ለጎን ሆንን። ጎጆው ውስጥ ግድግዳው ላይ ሰፊ ቀዳዳ አለ፤ ከቀዳዳው ፊት አግዳሚ አለ። ህሊና አገጯን ቀዳዳው ጠርዝ ላይ አሳረፈች። እኔ ውሃውን ሳይሆን እሷን ነበር የማየው፤ ዓይኗን፣ ከንፈሯን፣ ጣቶቿን። ብርዱ እስከ አጥንት ገባ። አንዳንዶቹ ጎብኚዎች ሰለቻቸውና ተመለሱ። እኛ ቆየን።

«እማዬ» አለች በሹክሹክታ። «እኔን አትይ። ወደዚያ እይ።»

አየሁ። ከዝይዎቹ አንዷ ጉብታው ላይ ወጥታ ላባዋን በአፏ ስታፀዳ ነበር። ከዚያ አንድ እግሯን ዘረጋች፣ ከሱ ጋር አንድ ክንፏን ወደ ታች ዘረጋች፣ ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ እንደሚንጠራራ። ክንፉ ተከፈተ። አመዱ ሄደ።

ህሊና ለረጅም ጊዜ አልተነፈሰችም፤ ፈርቼ ልነካት ነበር። ከዚያ ተነፈሰች።

«ውሸታሞች!» አለች።

«እነማን?»

«የክፍላችን ልጆች። እንደ እስክሪብቶ ሰማያዊ ነው ብለውኝ ነበር። አይደለም እኮ! ደጋግሞ የታጠበ ዩኒፎርም ነው የሚመስለው። ስሱ ነው። እነሱ እስከዚህ አልመጡም ማለት ነው። ወይ ሲንጫጩ በረውባቸዋል።» ወደኔ ዞረች፤ ፊቷ የገረጣ ነው፣ ዓይኗ ግን ያበራል። «እኔ ነኝ ያየሁት።»

«አንቺ ነሽ ያየሽው» አልኳት።

በር ላይ ስንደርስ ጋሽ ገብረ ጻድቅ በርጩማቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። «ደግሞ ሌላ ጊዜ ልትመጡ ነው?» አሉኝ፣ የተቆጡ ለመምሰል እየሞከሩ።

«እንመጣለን።»

«እንግዲያው ጉልበትሽ ላይ ጨርቅ ጠቅልለሽ ነይ።»

ባጃጅ እስኪመጣ መንገድ ዳር ቆምን። መቀነቱን ልፈታው ስል ህሊና ቋጠሮውን በእጇ ያዘችው።

«እማዬ፣ መምህር ካሳሁን በጥር አንኮበር እንሄዳለን ብሏል። ጭላዳ ለማየት።»

«ልጄ፣ አንኮበር ገደል ነው። ጨፌ አይደለም። ገደል! ጫፉ ላይ የቆመ ሰው ታቹን አያይም።»

«አውቃለሁ።»

«እሱም እሺ አይልሽም።»

«አንቺ ሰኞ መጥተሽ ንገሪው። እንደ ዛሬው ጮኸሽ ንገሪው።» ከወገቧ እስከ ወገቤ ያለውን መቀነት ከፍ አድርጋ በዓይኗ ለካችው። «ለገደል ግን ይሄ ያጥራል።»

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ መምህር ካሳሁንን ጠብቄ ያዝኩት። ከዚያ በፊት፣ እሁድ ማታ፣ የእትዬ ወርቅነሽን መቀነት ተውሼ ከኔው ጋር ቀጥዬ ሰፍቼዋለሁ።